ያገለገለን ኮምፒዩተር በአዲስ ሥርዓት ስለ ማደስ

(በ2018 ዓ.ም. ላንቻ ላይ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባሎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ለጥገና ባለሙያ እንጂ ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የሚገባ አይመስልም። ጉዳዩ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን በየቤታችንና በየጽሕፈት ቤቱ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ የቈጠርን እንደ ሆነ፤ የምንማርበት፣ ደብዳቤ የምንጽፍበትና የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምናዘጋጅበት መሣሪያ በአብዛኛው ይኸው አሮጌ ኮምፒዩተር ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ነገሩ የጥገና ብቻ ሳይሆን የትምህርትም የኑሮም ነገር ነው።

የተሰበሰብንበት የላንቻ ሰፈር ለዚህ ንግግር የተመቸ ቦታ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ላንቻ ከተባለው የኢጣሊያ የመኪና ፋብሪካ እንደ ሆነ ይነገራል። የጭነት መኪና ያለው ሰው ጎማው ስላለቀ መኪናውን አይጥልም፤ ሞተሩ ስለ ደከመም ሻሲውን ለቁራሌው አይሸጥም። የሚለወጠውን ይለውጣል፤ ገና የሚሠራውን ያሠራል። ከሁሉ በፊት ግን ጭነቱን ያወርዳል። ጭነቱን እላዩ ላይ እንደ ጫነ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ የለም። እኔም ዛሬ የምለው ነገር ሁሉ ቢጠቃለል ይኸው ነው፤ ኮምፒዩተራችንን እናድስ፤ ከማደሳችን በፊት ግን ጭነቱን እናውርድ። ጭነቱም በውስጡ ያለው ጽሑፋችን፤ ይልቁንም በአማርኛ የተጻፈው ጽሑፋችን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ ልናገር። ሰው ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚገናኝበት፣ ሌሎቹም ፕሮግራሞች ሁሉ ተደግፈው የሚሠሩበት ዋናው ፕሮግራም በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፤ በአማርኛ ደግሞ ሥርዓተ ክወና ይባላል። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ሥርዓተ ክወና ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። በዚህ በላንቻ በኩል የሚያልፈው የቀላል ባቡር መሥመር አገልግሎት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ሁለቱ የሁለት ወር እንኳ ልዩነት የሌላቸው እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ኩባንያው ለዚህ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ እርዳታ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ማለት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል።

«አቁሟል» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በትክክል መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን የሚዘጋ መስሎት ነበርና። ኮምፒዩተሩ አልተዘጋም። እንደ ትናንቱ ይነሣል፤ ይጽፋል፤ ያትማል። የቆመው ጥገናው ነው። በአንድ ሥርዓተ ክወና ውስጥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኛል፤ ኩባንያውም በየወሩ ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ ይልካል። ማስተካከያው ሲቆም ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የባሰው፤ ለአዲሱ ሥርዓት የተላከው ማስተካከያ ራሱ አሮጌው የት ላይ እንደ ተቀደደ ለሌባው ይጠቁመዋል።

ይህ የሐሳብ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተነሥቶ፤ በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። የያዘውንም ጽሑፍ ሁሉ ቆልፎ የመክፈቻ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። ልብ በሉ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፤ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። የተጠቁት ማስተካከያውን ያልተቀበሉና፤ እርዳታው ከቆመ በኋላ በአሮጌው ሥርዓት የቀጠሉ ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው «የሚሠራን ዕቃ ለምን እንነካካዋለን? እንዳለ ይቀመጥ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አሮጌ ነው፤ ይጣልና አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ሁለቱም ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ሁለቱም ግን ዋጋ ያስከፍላሉ።

የመጀመሪያው አስተያየት የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔትም ከፍላሽም ተለይቶ ለብቻው የሚኖር ከሆነ ነው። የእኛ ኮምፒዩተር ግን እንደዚያ አይኖርም። በላንቻና በአካባቢው በመንገድ ዳር ያሉትን የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ተመልከቱ። ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ የሥራ ማስረጃውን የሚያሳትመው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዘው ሁሉ የየራሱን ፍላሽ እየሰካ ይሄዳል። ከአንዱ የመጣው ቫይረስ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ፋይሉን ደብቆ በምትኩ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳየውን፤ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለውን፤ ከመካከላችን ያላየው ተማሪ ጥቂት ነው። የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ጥበቃ የሌለው ሆነ ማለት የአንድ ሰፈር ሰነድ ጥበቃ አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ ኪሳችንን አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። ለምሳሌ ያህል በውጭ አገር ዋጋው 400 ዶላር የሆነ ላፕቶፕ፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት፤ በፊተኛው ምንዛሪ 22,800 ብር ሲሆን በኋለኛው 52,000 ብር ይሆናል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ብር ነው። ስለዚህ «አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለብዙው ተማሪ «አትማር» ከማለት የማይለይበት ጊዜ አለ። ከዱባይ ተጭነው ወደ አገራችን የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖችም ብዙዎቹ፤ ቀጥዬ እንደማስረዳው፤ አዲሱ ሥርዓት የማይቀበላቸው ናቸውና ሳያጣሩ መግዛት ሌላ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ማጣራቱ ልግባ። ከዊንዶውስ 10 ቀጥሎ የመጣው ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የወጣ ሲሆን፤ ፈቃድ ላለው ዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩን መርምሮ የሚቀበል ጥብቅ ደንብ አለው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ክፍል፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ አነሣሥ፣ ከዚህም ጋራ የተመዘገበ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አብዛኛውን ኮምፒዩተር የሚጥለው ይህ የመጨረሻው ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ብቻ ይቀበላል፤ እርሱም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ2017 አጋማሽ በኋላ ነው። ኤ.ኤም.ዲ. ከሆነ ከራይዘን 2000 ረድፍ ወዲህ ያሉትን አብዛኞቹን ይቀበላል።

ትውልዱን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። የኮምፒዩተሩን መግለጫ ስትከፍቱ የፕሮሰሰሩን ስም ታገኛላችሁ። «አይ 5–7200» የሚል ቢሆን ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አኃዝ ሰባት ስለ ሆነ ሰባተኛ ትውልድ ነው፤ አያልፍም። «አይ 5–8250» ቢሆን ስምንተኛ ነው፤ ያልፋል። ቍጥሩ በአንድ የሚጀምር ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች አንድ ላይ አንብቡ፤ 10210 ዐሥረኛ፤ 1135 ደግሞ ዐሥራ አንደኛ ትውልድ ነው። ከሰረዙ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ካለ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሁሉ ገንዘቡን ከመቍጠራችሁ በፊት ይህን ቍጥር አንብቡ። ውጪው ሲያብረቀርቅ ውስጡ የዐሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ብዙ ነውና።

በዚህ መሠረት ኮምፒዩተሮቻችን በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ክፍል አዲሱ ሥርዓት የሚቀበለው ነው። ለዚህ ብዙ ነገር መናገር አያሻም፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ይለወጥ። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ብቁ ሆኖ ሳለ ቲ.ፒ.ኤም. የተባለው ክፍል ሳይበራ ስለ ተተወ ብቻ «አልቀበልህም» ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚገባበት ማስተካከያ ገጽ ላይ ሊበራ ይችላልና ተስፋ ከመቍረጥ በፊት መመልከት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ጉልበቱ ሳይደክም በደንቡ ምክንያት የተጣለ ነው። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉት በዚህ ይገባሉ፤ በእኛም መካከል የሚበዙት እነዚህ ናቸው። ለእነዚህ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጊዜ መግዛት ነው፤ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች በገለጸው መሠረት የደኅንነት ማስተካከያውን ለአንድ ዓመት፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ማራዘም ይቻላል። ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍቶ የኮምፒዩተሩን ምርጫዎች በዚያ ላስቀመጠ ሰው ግን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይህ የማሰቢያ ጊዜ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ደንቡን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ። ኩባንያው ግን እንዲህ ላለው ኮምፒዩተር ማስተካከያ ለመላክ ኃላፊነት እንደማይወስድ ተናግሯል። ለግል መለማመጃ የሚሞክር ይሞክር፤ የብዙ ሰው ሰነድ ለሚቀመጥበት ጽሕፈት ቤት ግን አልመክርም። ሦስተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ክፍል በእውነት የደከመ ነው። ሁለት ጊጋባይት ራም ያለው፣ ባለ 32 ቢት ሥርዓት የተጫነበት፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ የኖረ ማለት ነው። እርሱን እንኳ ለመጣል አትቸኩሉ፤ የሚቀረው አንድ ትልቅ አገልግሎት አለና። ያም አገልግሎት ከአማርኛ ጽሑፋችን ጋራ የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ፊደላችን ለፈረንጅ መኪና አልተመቸም የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋራ ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ችግሩ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ቍጥር ብቻ ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቍጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። ስለዚህ የየፕሮግራሙ አዘጋጆች ብልኀት ፈጠሩ። የላቲን ፊደል በሚቀመጥበት ቍጥር ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡ፤ አንዳንዱንም ፊደል ከሁለት ቍራጭ እየገጣጠሙ ሠሩ። ይህ ብልኀት የሚያስመሰግን ነው፤ ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን በአማርኛ የጻፉት በዚህ ነውና።

ይሁን እንጂ ብልኀቱ አንድ ዕዳ ትቶ አለፈ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል እንደ ተጻፈ ነው። ፎንቱ እስካለ ድረስ ለዐይናችን አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ የጠፋ ዕለት ግን ገጹ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን ድልድል ስለ ተከተለ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበልና 384 ቦታዎችን ሲለይለት ነው እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቍጥር ያገኘው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛን መጻፊያና «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ በተባለው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው፤ ከዚያም በኋላ በልማድ ምክንያት በአሮጌው ፎንት የተጻፈው ብዙ ጽሑፍ፤ ዛሬም በየኮምፒዩተሩ አለ።

አሁን አደጋው ይታያችሁ። አንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሩን ለማደስ ይሰጣል። ጥገና ሠሪው ሰነዶቹን ሁሉ በጥንቃቄ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ አሮጌውን ሥርዓት ያጠፋል፤ አዲሱን ይጭናል፤ ሰነዶቹንም ይመልሳል። አንድም ፋይል አልጎደለም። ሲከፈት ግን የዐሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ ፎንቱ ከሥርዓቱ ጋራ ጠፍቷልና። የመጻፊያው ፕሮግራም መጫኛ ዲስክ ከጠፋ ቆይቷል። በጣም ጥንታዊ የሆነው ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ቢገኝ እንኳ በባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ሰነዱ አለ፤ አንባቢ ግን የለውም። በብራና የተጻፈው መጽሐፍ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ፤ እኛ የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፍነውን ማንበብ ቢያቅተን ለሚቀጥለው ትውልድ ምን ብለን እንመልሳለን?

ፎንቱ ቢተርፍም ጉዳቱ አልቀረም። በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ አንድን ስም በአማርኛ ጽፎ መፈለግ አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅምና። ወደ ስልክ ቢላክ አይነበብም። ስለዚህ ሥርዓቱን የምናድስበት ጊዜ ጽሑፉንም ወደ ዩኒኮድ የምናሻግርበት ጊዜ መሆን አለበት።

ለዚህም በቅደም ተከተል መደረግ የሚገባውን ላመልክት።

አንደኛ፤ አሮጌው ሥርዓት ገና ሳይነካ የሰነዱን ሁሉ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ቅጂ አለኝ አይበል።

ሁለተኛ፤ በዊንዶውስ ውስጥ ፎንቶች የሚቀመጡበትን ማኅደር እንዳለ ገልብጡ። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፤ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች እዚያው በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ፤ በትክክል እየታዩ ሳለ፤ ፎንቱን በውስጡ ወደሚይዝ ፒ.ዲ.ኤፍ. ለውጡ። ፒ.ዲ.ኤፉ ለማረም አይመችም፤ ግን የጽሑፉ መልክ ምስክር ሆኖ ይኖራል።

አራተኛ፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይሩ፤ ከቀየራችሁም በኋላ ከፒ.ዲ.ኤፉ ጋራ አስተያይታችሁ አንብቡ። ቀያሪው ዲቃላ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ሊሳሳት ይችላል። በተለይ የሰው ስምና ቍጥር ያለበትን ቦታ ሰው ራሱ ማንበብ አለበት።

አምስተኛ፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ አዲሱን ሥርዓት ጫኑ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው በስልኩ ዳታ ማውረዱ ከንቱ ወጪ ነው፤ አንድ ጊዜ ወርዶ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሚይዝ ፍላሽ ላይ ከተዘጋጀ ለብዙ ኮምፒዩተር ይበቃል። በጭነቱ መካከል መብራት እንዳይጠፋባችሁም ተጠንቀቁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ዩ.ፒ.ኤስ. ይኑረው። ሥርዓቱ እየተለወጠ ሳለ መብራት ቢሄድ ኮምፒዩተሩ ከሁለቱም ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ስድስተኛ፤ ተጭኖ ሲያልቅ በመጀመሪያ አማርኛውን ፈትኑ። ጻፉ፤ አትሙ፤ አሮጌውን ሰነድ ክፈቱ። ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ስለ ሆነ፤ በእርሱ የተጻፈው ሰነድ በሌላ ፎንት ተተክቶ፤ የገጹ አቈራረጥ ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። ፊደሉ ግን ዩኒኮድ ነውና አይጠፋም፤ ፎንቱን መጨመር ብቻ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያለፈ ሰው ባይስማማው በዐሥር ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ፈተናውን ለሚቀጥለው ወር አታሳድሩት።

ቀድሞ ስለ ደከመው ኮምፒዩተር የጀመርኩት ነገር ነበር። የእርሱ የመጨረሻ አገልግሎት ይህ ነው። ከኢንተርኔት ተለይቶ፤ አሮጌዎቹን ፎንቶችና የመጻፊያ ፕሮግራሞች እንደ ያዘ፤ አሮጌው ጽሑፍ ሁሉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ድረስ የማንበቢያ መኪና ሆኖ ይቀመጥ። በአንድ ተቋም አንድ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ቢኖር ይበቃል።

ስለ ሊኑክስ ቃል ገብቼ ነበር። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ፤ ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓተ ክወና ነው። ከእትሞቹ መካከል ለጀማሪ የሚስማማው ሊኑክስ ሚንት ሲሆን፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 22ኛው እትም እስከ 2029 ድረስ ማስተካከያ እንዲያገኝ የታቀደ ነው። መጫኛው 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። በ4 ጊጋባይት ራም ደኅና ይሠራል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በምትኩ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከገባበት የስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ እንደ ወጣት ይፈጥናል፤ በወጪ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያም ይኸው ነው። አማርኛውም በዚህ ሥርዓት ላይ ሙሉ ነው። ኖቶና አቢሲኒካ የተባሉት ነጻ ፎንቶች አሉ፤ በላቲን ድምፅ እየመቱ በግዕዝ ፊደል የሚጽፉበት መጻፊያም አለ።

ሆኖም እውነቱን መሸፈን አይገባም። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም፤ የመሐንዲሶች አውቶካድም እንደዚሁ። የቢሮ ሰነድ በሊብረ ኦፊስ ይከፈታል፤ ሠንጠረዡና የገጹ አቀማመጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ይዛባል። አሮጌ ማተሚያ የማይስማማበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በለመደችው ፕሮግራም ጽፋ የምታድር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ፤ «ነጻ ነውና ተቀበዪ» ማለት እርዳታ አይደለም፤ የጣቷን ፍጥነት መንጠቅ ነው፤ እንጀራዋም ያ ፍጥነት ነው። ለእርሷ የሚሻለው አንደኛው ክፍል ውስጥ የሚገባ ያገለገለ ኮምፒዩተር መርጦ ማስገዛትና ጽሑፏን ማሻገር ሊሆን ይችላል። ለሚያነብ፣ ለሚጽፍ፣ በኢንተርኔት ለሚፈልግና ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ተማሪ ግን ሊኑክስ በቂ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ነው። ሥርዓቱን የምንመርጠው በስሙ ወይም በፋሽን ሳይሆን በሥራው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ፈቃድ ተገልብጦ በየፍላሹ የሚዞረው፤ «ክራክ» የሚባለው ዊንዶውስ፤ ለብዙዎቻችን የተለመደ ሆኗል። የሕጉን ነገር ለሕግ ተማሪዎች ትቼ የደኅንነቱን ነገር ብቻ ልናገር። መቈለፊያውን ሰብሮ የሰጠን ሰው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ከቁልፉ ጋራ ሌላ ምን እንዳስገባም አናውቅም። ቤቱን ከሌባ ለመጠበቅ ብሎ በሌባ እጅ በር የሚያሠራ ሰው የለም። ነጻ የሆነ ሥርዓት ሳለ ለዚህ የሚያበቃ ምክንያት አይታየኝም።

ክቡራን መምህራን፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ንግግር ብቻውን ፍሬ የለውምና ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፤ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች እንዲቈጠሩ፤ ትውልዳቸውም በዝርዝር ተጽፎ ከሦስቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚገቡ እንዲለይ ነው። ሁለተኛው፤ የማኅበሩ የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎችና መጽሔቶች በአሮጌ ፎንት የተጻፉት ተለይተው፤ አማርኛ የሚያጠኑ ተማሪዎች በንባቡ፤ ኮምፒዩተር የሚያጠኑት በመቀየሩ ተካፍለው ወደ ዩኒኮድ እንዲያሻግሯቸው ነው። ይህ ሥራ አንዱ ክፍል ብቻውን የሚጨርሰው አይደለም፤ ሁለቱም እውቀት ያስፈልገዋል። ሦስተኛው፤ መጫኛዎቹ በማኅበሩ ገንዘብ አንድ ጊዜ ወርደው፤ በተወሰነ ቀን ኮምፒዩተሩን ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ፤ ከዚያም በዚህ በላንቻ አካባቢ ላሉት ትንንሽ የጽሕፈት ቤቶች፤ ያለ ክፍያ እርዳታ እንዲሰጥ ነው። የሰፈሩ ሰው ማመልከቻውን በእነርሱ ያስጽፋል፤ እኛም የመመረቂያ ጽሑፋችንን በእነርሱ እናሳትማለን። የእነርሱ ኮምፒዩተር ደኅና ሲሆን የእኛም ፍላሽ ደኅና ይሆናል።

የተማረ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከሀገር ርቆ ባለ ትልቅ ነገር ብቻ አይደለም። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ዳግመኛ እንዲያስተምር ማድረግ፤ አንድ የማይነበብ ቃለ ጉባኤ ዳግመኛ እንዲነበብ ማድረግ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚፈጸም ሥራ ነው። መሣሪያው ነገም ያረጃል፤ ዊንዶውስ 11ም በተራው ያረጃል። በትክክል የተቀመጠ ፊደል ግን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይኖራል። እንግዲህ ጭነቱን አስቀድመን እናውርድ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን እንለውጥ።